የተጠራ ዋጋና የተቆረጠ ዋጋ፦ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ ኮንዶሚኒየም ስናፈላልግ ያየነው

እናታችን ከእንግዲህ ገጠር ውስጥ ብቻዋን መኖር እንደማትችል ከእህቴ ጋር የተስማማነው በመስከረም 2017 ዓ.ም. ነበር። የደም ግፊቷ የቅርብ ክትትል የሚፈልግ ሆኗል፤ ጉልበቷም ዳገት መውጣት አቅቶታል። እኔ በደብረ ማርቆስ አስተምራለሁ፤ እህቴ በባሕር ዳር ትሠራለች፤ ታናሽ ወንድማችን ከውጭ ሀገር የሚልከውን ጨምረን አንድ ኮንዶሚኒየም ልንገዛላት ወሰንን። የቀረን ጥያቄ «የት ይሻላል?» የሚለው ብቻ ስለመሰለን በሁለት ወር የምንጨርሰው ጉዳይ አድርገን ነበር የጀመርነው፤ ነገር ግን ስምንት ወር ፈጀብን። የፈጀብን ቤት ስለጠፋ አልነበረም። በአንዱ ከተማ የሰማነውን ዋጋ በሌላው ከተማ ከሰማነው ዋጋ ጎን አስቀምጠን ማወዳደር የምንችል መስሎን ስለነበር ነው። በእነዚያ ወራት የሞላሁትን ማስታወሻ ደብተር እያገላበጥኩ ይህን የምጽፈው፣ በጎጃም ከተሞች መካከል እየተመላለሰ ቤት የሚያፈላልግ ሌላ ቤተሰብ እኛ ያባከንነውን ጊዜ እንዳያባክን ስለምመኝ ነው።

በሀገራችን ሻጭ ዋጋ ይጠራል፤ ሻጭና ገዢ በሽማግሌ ወይም በደላላ ፊት ተቀምጠው ደግሞ ዋጋ ይቆርጣሉ። የተጠራና የተቆረጠ ዋጋ የተለያዩ መሆናቸውን ከልጅነቴ ጀምሮ በከብት ገበያ ሳየው ያደግሁ ብሆንም፣ ቤት ላይ ስደርስ ዘነጋሁት። ሰው ሁሉ የሚነግረን የተጠራውን ነው። የተቆረጠውን የሚያውቁት ሻጩ፣ ገዢውና በመካከል ያለው ደላላ ብቻ ናቸው፤ በውል ላይ የሚሰፍረው ቁጥርም ብዙ ጊዜ በእጅ ከተከፈለው የሚያንስ በመሆኑ ከሰነድ ላይ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ አንድ ሰው የባሕር ዳርን የቤት ዋጋ ከደብረ ማርቆስ ጋር አነጻጽሬያለሁ ሲል፣ አብዛኛውን ጊዜ ያነጻጸረው የሁለቱን ከተማ ሻጮች ምኞት ነው፤ ምኞት ደግሞ እንደየከተማው ልኩ ይለያያል።

የመጀመሪያው ስህተቴ ገና ቆጠራው ላይ ነበር። እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ በባሕር ዳር ብቻ ለሽያጭ የቀረቡ 27 ቤቶችን መዝግቤ ነበር፤ ከፊሉን በቴሌግራም ከሚለጠፉ ማስታወቂያዎች፣ ከፊሉን ከደላሎች አፍ። በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እህቴ ደብተሩን ተቀብላ እያንዳንዱን ደላላ እየደወለች የብሎኩንና የቤቱን ቁጥር ጠየቀች። ቁጥሩን ለመናገር ፈቃደኛ ያልሆኑት ሁለት ብቻ ነበሩ። ሲመሽ 27ቱ ቤቶች 16 ሆኑ። አንዱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ባለ ሁለት መኝታ ቤት በአራት ደላሎች አፍ በአራት የተለያየ ዋጋ ይጠራ ነበር፤ በዝቅተኛውና በከፍተኛው መካከል ያለው ልዩነት ከእኔ የአንድ ዓመት ደመወዝ ይበልጣል። ይህ የሚሆነው ደላሎቹ ስለሚዋሹ ብቻ አይደለም። ሻጩ ለአንዱ ቁርጡን ይነግረዋል፤ ለሌላው «ከዚህ በላይ ካመጣህ ትርፉ ያንተ ነው» ይለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ ከስድስት ወር በፊት የሰማውን ዋጋ ይዞ ይዞራል። ከዚያ ቅዳሜ በኋላ የብሎክና የቤት ቁጥር የሌለውን ወሬ በደብተሬ ላይ አላሰፈርኩም። ይህን አንድ ነገር ገና ከመጀመሪያው ብናደርገው ኖሮ ቢያንስ ሁለት ጉዞ ይቀርልን ነበር።

ሁለተኛው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ስንት?» ሳይሆን «ከመቼ ጀምሮ?» የሚለው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ብር በፍጥነት ሲወርድ፣ ቤት ያለው ሰው ሁሉ የቤቱን ዋጋ በዶላር ያስብ ጀመር። የሲሚንቶና የብረት ዋጋ ሲጨምር የቆመ ሕንፃ ዋጋ አብሮ መጨመሩ ተገቢ ነው፤ ይሁን እንጂ የገዢው ኪስ በዚያው ልክ አላደገም። ከዚያ በፊትም ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የባንኮች የብድር ዕድገት በዓመት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ገደብ በማድረጉ፣ ተበድሮ ቤት የሚገዛ ሰው በየደረስንበት ሲቀንስ አይተናል። ውጤቱ የሚታየው የተጠራው ዋጋ ከፍ ብሎ፣ ቤቱ ግን ሳይሸጥ ወራት ሲያስቆጥር ነው። በደብተሬ ውስጥ ካሉት የባሕር ዳር ቤቶች አምስቱ ከመስከረም እስከ ጥር ድረስ በዚያው ዋጋ ሲጠሩ ቆይተዋል። አራት ወር የተጠራ ዋጋ ማንም ያልከፈለው ዋጋ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ቁጥር የከተማው ዋጋ አድርጎ መያዝ ትልቅ ስህተት ነው። እኛ በኋላ ላይ በየቤቱ አጠገብ መጀመሪያ የሰማንበትን ቀን መጻፍ ጀመርን፤ ለድርድር ስንቀመጥ ከሁሉ ይበልጥ የጠቀመን ይህ ቀን ነበር።

ሦስተኛው ነገር ስፋት ነው፤ በዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ። «ባለ አንድ መኝታ»፣ «ባለ ሁለት መኝታ» የሚለው ስም ስለ ቤቱ ብዙም አይናገርም። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ አጋማሽ በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች ሲስፋፋ የተሠሩት ቤቶች በጣም ጠባብ ነበሩ፤ በኋላ በተለይ በአዲስ አበባ የተሠሩት ሰፋ ያሉ ናቸው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ ወሬ የሰማ ሻጭ «ባለ ሁለት መኝታ እዚያ ይህን ያህል አውጥቷል» ብሎ ዋጋ ሲጠራ፣ እሱ የሚሸጠው ባለ ሁለት መኝታ ከዚያኛው ባለ አንድ መኝታ ሊጠብብ ይችላል። ከታኅሣሥ ጀምሮ ከግንበኛ ጎረቤቴ የተዋስኩትን ባለ አምስት ሜትር መለኪያ በኪሴ ይዤ መግባት ጀመርኩ። አንዳንድ ሻጭ ቅር ይለዋል፤ ነገር ግን በትሕትና ከተጠየቀ የሚከለክል አላጋጠመኝም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ክፍል በክፍል ስለካ በሰነድ ላይ ከሰፈረው ስፋት ሁልጊዜ የሚያንስ አገኝ ነበር፤ ግድግዳው ራሱና አንዳንድ ጊዜ በረንዳው አብረው ስለሚቆጠሩ ነው። ልዩነቱ በአንዱ ቤት ሦስት ካሬ፣ በሌላው ስምንት ካሬ ሆኖ ስላገኘሁት፣ ሁለት ቤቶችን በሰነዳቸው ቁጥር ማነጻጸር እንደማይበቃ ተረዳሁ። የተጠራውን ዋጋ በውስጥ ስፋቱ አካፍሎ የአንድ ካሬ ሜትሩን ማየት ያስፈልጋል።

እናታችንን ይዘን የሄድንበትን አንድ ቤት አልረሳውም። ባሕር ዳር ነው፤ ወደ ፔዳ በሚወስደው መንገድ በኩል፣ አራተኛ ፎቅ። እነዚህ ሕንፃዎች አሳንሰር የላቸውም። ዋጋው በሰፈሩ ካየናቸው ሁሉ ዝቅተኛው ስለነበር ተደስተን ነበር። ደላላው ወጣት ልጅ ነው፤ «አንቱ እናቴ፣ ቀስ ብለው ይውጡ፣ እኔ እደግፍዎታለሁ» እያለ በክንዷ ይዞ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ስትደርስ የብረቱን መደገፊያ ይዛ ቆመች። በዚያው ሰዓት አንዲት ልጅ ሁለት ቢጫ ጀሪካን ውሃ ተሸክማ፣ አንዱን በየሦስት ደረጃው እያሳረፈች፣ ከኋላችን ትወጣ ነበር። እናቴ ልጅቱን አሳለፈቻትና «ውሃው ላይ አይደርስም እንዴ?» ብላ ደላላውን ጠየቀችው። «ሌሊት ሌሊት ይደርሳል እናቴ» አላት። ቤቱን ሳታይ «በሉ እንውረድ» አለችን። ያን ዕለት ማታ ደብተሬ ላይ «ፎቅ» እና «ውሃ በሳምንት ስንት ቀን፣ በስንት ሰዓት» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨመርኩ።

የአራተኛ ፎቅ ቤት ርካሽ የሚሆነው በምክንያት ነው። ለወጣት ባልና ሚስት ያ ቅናሽ እውነተኛ ጥቅም ሊሆን ይችላል፤ ሮቶ ገዝቶ፣ የውሃ መሳቢያ ሞተር አስገጥሞ መኖር ይቻላል። ለአንዲት የ70 ዓመት እናት ግን ያ ቤት በየትኛውም ዋጋ ቤት አይሆናትም። ምድር ቤትና አንደኛ ፎቅ በባሕር ዳርም በደብረ ማርቆስም በውድ ይጠራሉ፤ ስለዚህ የአንዱን ከተማ አራተኛ ፎቅ ከሌላው ከተማ ምድር ቤት ጋር ማነጻጸር በሬን ከጊደር ጋር እንደማነጻጸር ነው። እንዲሁም ኮሚናሉን ሳያዩ መመለስ አይገባም። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በበዓል በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ያ የጋራ ቤት በአንዳንዱ ግቢ ንጹሕና በሥርዓት የሚሠራበት ነው፤ በሌላው ግን ተቆልፎ ወይም ለሌላ ጉዳይ ውሎ አግኝተነዋል። በጋራ ሕንፃ ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት ቤት ገዢው የደረጃው፣ የጣሪያው፣ የግቢውና የኮሚናሉ ተካፋይ ባለቤት ሆኖ ለጋራ ወጪው ያዋጣል። ስለዚህ የነዋሪዎች ማኅበሩን ሊቀ መንበር ማነጋገር ሻጩን ከማነጋገር ያላነሰ ይጠቅማል። ጣሪያው ያፈስስ እንደሆነ፣ የፍሳሽ ማጠራቀሚያው መቼ እንደተመጠጠ፣ ሻጩ ያልከፈለው መዋጮ ይኖር እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው።

በዋጋ ጥሪ ውስጥ ከሁሉ ይበልጥ ተሸሽጎ የሚቀመጠው ግን ስም ማዛወሪያ ነው። ደላላው ስልክ ላይ ቁጥሩን ብቻ ይነግርና፣ ቤቱን አይተን ከወደድነው በኋላ «ለሻጭ የተጣራ ነው» ይላል። የተጣራ ማለት ግብሩም፣ ቀረጡም፣ የአገልግሎት ክፍያውም በገዢው ላይ ነው ማለት ነው። በሕጉ ከሽያጭ በሚገኘው የዋጋ ዕድገት ላይ በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለማይንቀሳቀስ ንብረት 15 በመቶ የተጣለው ግብር የሻጩ ዕዳ ነው፤ 2 በመቶ የቴምብር ቀረጥ ደግሞ በስም ዝውውሩ ላይ አለ። በተግባር ግን ማን ምን እንደሚከፍል የሚወሰነው በድርድር ነው፤ ልማዱም ከከተማ ከተማ ይለያያል። እኛ በባሕር ዳር ካነጋገርናቸው ሻጮች አብዛኞቹ «ግማሽ በግማሽ» ለማድረግ ፈቃደኞች ነበሩ። በደብረ ማርቆስ ያነጋገርናቸው ግን ሁሉም የተጣራ ነበር የሚሉት። የከተማው አስተዳደርም ስም ሲያዛውር በውሉ ላይ ያለውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን የራሱን ግምት ስለሚመለከት፣ ሒሳቡን ከመቁረጥ በፊት ወደ ማዘጋጃ ቤት ሄዶ መጠየቅ ይገባል። እኔ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ በትዕግሥት የሚያስረዳ ሠራተኛ አጋጥሞኛል።

ስለ ደብረ ማርቆስ ገበያ የተለየ ነገር መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም ከትልቅ ከተማ ወደ ትንሽ ከተማ ዋጋ ሲነጻጸር ሰው ሁሉ የሚሳሳትበት ቦታ ይህ ነው። በባሕር ዳር አንድ ሻጭ ዋጋ ሲያበዛ ሌላ ቤት አለ፤ ገዢው ወደዚያ ይሄዳል። በማርቆስ በስምንት ወር ውስጥ ለሽያጭ የቀረቡ ስድስት ኮንዶሚኒየሞች ብቻ አየሁ። በክልል ከተሞች የኮንዶሚኒየም ግንባታው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ስለቆመ፣ ያሉት ቤቶች የድሮዎቹ ናቸው፤ አዲስ አይጨመርም። ስድስት ቤት ባለበት ገበያ አንዱ ሰው ቸኩሎ ውድ ከገዛ፣ የአምስቱ ዋጋ በዚያ ሳምንት ይነሣል። ሁለት ጊዜ ሆኖ አይቼዋለሁ። በሌላ በኩል የማርቆስ ሻጭ አይቸኩልም። ብዙዎቹ ቤቱን ለዩኒቨርሲቲ መምህር ወይም ለመንግሥት ሠራተኛ አከራይተው የሚኖሩ ናቸውና፣ ካልተሸጠ ኪራዩን እየተቀበሉ ይጠብቃሉ። ስለዚህ በባሕር ዳር ከተጠራው ላይ ከአሥር እጅ አንድ እጅ ሲወርድ ባየንበት ወቅት፣ በማርቆስ የሚወርደው ለስሙ ያህል ብቻ ነበር። ዝቅ ብሎ የተጠራ ዋጋ ርካሽ ነው ማለት እንዳልሆነ የገባኝ እዚህ ነው፤ ምናልባት ሻጩ ከመጀመሪያው ቁርጡን ጠርቶ ሊሆን ይችላል።

በመንገዱ ላይ ባሉት ከተሞችም ጠይቀናል። ከማርቆስ እስከ ባሕር ዳር በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ በኩል ያለው መንገድ ከ250 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ መንገዱ ክፍት በሆነበት ጊዜ ሁሉ ስንመላለስ በየከተማው ወርደን ደላላ አነጋግረናል። በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ያሳዩን ኮንዶሚኒየም ሳይሆን የግቢ ቤት ነበር፤ ቦታው ሰፊ፣ ጓሮው ለጎመንና ለቃሪያ የሚሆን፣ እናታችንን በእጅጉ ያስደሰተ። ግን የግቢ ቤት ዋጋ ውስጥ ያለው በአብዛኛው የመሬቱ ይዞታ ነው፤ ነባር ይዞታ ነው ወይስ ሊዝ፣ የሊዝ ክፍያው ምን ያህል ቀርቷል የሚለው በሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መጣራት ያለበት የራሱ ጉዳይ በመሆኑ፣ ከኮንዶሚኒየም ጋር በአንድ ሚዛን ላይ ልናስቀምጠው አልቻልንም፤ ስለዚህ ተውነው።

አሁን ወደ ስሌቱ ልምጣ። የብሩን ቁጥር እዚህ አልጽፍም፤ ይህን የሚያነብ ሰው በሚያነብበት ቀን ያ ቁጥር አርጅቶ ሊያሳስተው ይችላልና። በመጨረሻ የቀሩልን ሁለት ቤቶች ነበሩ፤ አንዱ በባሕር ዳር አንደኛ ፎቅ፣ ሌላው በማርቆስ ምድር ቤት። ለባሕር ዳሩ ቤት የተጠራውን ዋጋ 100 ብለን ብንይዘው፣ ለማርቆሱ የተጠራው 70 ነበር። ወንድሜ በስልክ «ሠላሳ በመቶ ልዩነት እያለ ምን ያጠራጥራችኋል?» እያለ ይጨቀጭቀን ነበር። ውስጡን ስለካ የባሕር ዳሩ 45 ካሬ፣ የማርቆሱ 39 ካሬ ሆነ። በካሬ ሲሰላ ልዩነቱ ወደ 19 በመቶ ገደማ ወረደ። ከዚያ ድርድር ገባን፤ የባሕር ዳሩ ሻጭ እስከ 90 ወረዱ፤ የማርቆሱ 68 ላይ ቆሙ። የባሕር ዳሩን ስም ማዛወሪያ በግማሽ ተስማማን፤ የእኛ ድርሻ 4 ገደማ ሆነ። የማርቆሱ ሙሉ በሙሉ በእኛ ላይ ስለነበር 6 ወሰደ። የባሕር ዳሩ ቤት ሴራሚክ የተነጠፈበት፣ የኩሽና ካቢኔት ያለው፣ ቀለም ብቻ የሚፈልግ ነበር፤ ለቀለሙና ለጥቃቅኑ 2 ያዝን። የማርቆሱ ግን ከተረከቡት ቀን ጀምሮ ልስኑ እንኳ በቅጡ ሳይሠራ ሲከራይ የኖረ ነው። ወለሉ የተሰነጠቀ ሲሚንቶ፣ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ የሚያንጠባጥብ፣ በሰሜን በኩል ያለው ግድግዳ ከክረምቱ እርጥበት የተነሣ እስከ ወገብ ድረስ የጠቆረ ነበር፤ ጣቴን ሳሳርፍበት ቀለሙ እንደ አመድ ይረግፋል። አንድ የማውቀው ባለሙያ አይቶ የገመተው ወጪ በእኛ ሚዛን 7 ሆነ። ሲደመር የባሕር ዳሩ 96፣ የማርቆሱ 81 መጣ። በካሬ ሲካፈል የሁለቱ ልዩነት ከ3 በመቶ አልበለጠም።

ይህ ማለት ማርቆስ ከባሕር ዳር እኩል ውድ ነው ማለት አይደለም፤ የሁለት ቤቶች ስሌት ስለ ሁለት ከተሞች አይመሰክርም። ለእኛ የጠቀመን ግን ሠላሳ በመቶ ብለን ይዘነው የነበረው ልዩነት ስድስት ካሬ ሜትር ስፋት፣ የድርድር ቅናሽ፣ አንድ የረጠበ ግድግዳና የስም ማዛወሪያ ልማድ ሆኖ መገኘቱ ነው። ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ መጨቃጨቃችንን ትተን እናታችን የት እንደምትኖር መነጋገር ቻልን።

ቀብድን በተመለከተ የደረሰብንን ሳልናገር ባልፍ ግን ይህን መጻፌ ጎዶሎ ይሆናል። በጥር ወር በባሕር ዳር ሌላ ቤት ወደን፣ ሻጩ ሌላ ገዢ እንዳላቸው ስለነገሩን ተቻኩለን፣ በእጅ በተጻፈ ወረቀት፣ በሁለት ምስክር ፊት ቀብድ ሰጠን። ከ12 ቀን በኋላ ለሌላ ሰው በተሻለ ዋጋ ሸጡት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ሲያፈርስ እጥፉን እንዲመልስ ተደንግጓል፤ ይህን ይዘን ወደ አንድ የሕግ ባለሙያ ስንሄድ ግን ቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው አካል ፊት እንዲደረግ እንደሚጠይቅ፣ የእኛ ወረቀት ግን በየትኛውም ፊት ያልቀረበ መሆኑን፣ ክርክሩም ረጅም ሊሆን እንደሚችል አስረዳን። ሽማግሌ ልከን፣ የሰጠነውን ብቻ፣ ከሁለት ወር በላይ ቆይቶ ተመለሰልን። በእነዚያ ሁለት ወራት የተጠራው ዋጋ በሁሉም ቦታ ከፍ ብሎ ነበር። ቀብድ ከመስጠት በፊት ሰነዶቹን ማየት፣ ውሉንም በሕጋዊ ቦታ ማድረግ ከምንም ቅናሽ ይበልጣል።

ሰነድ ስል የባለቤትነት ማረጋገጫውን ብቻ ማለቴ አይደለም። የባንኩ የብድር ዕዳ ተከፍሎ ማለቁን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ ቤቱ በፍርድ ቤት እግድ ያልተያዘ መሆኑ፣ ሻጩ ባለትዳር ከሆኑ የባልና የሚስት ፊርማ፣ ካልሆኑ ያላገቡ መሆናቸውን የሚያሳይ ማስረጃ፣ ቤቱ የውርስ ከሆነ የወራሽነት ማስረጃ ያስፈልጋል። በዕጣ የተገኘ ቤት ለአምስት ዓመት እንዳይሸጥ የሚከለክለው ደንብ ለድሮዎቹ ቤቶች ጊዜው ያለፈ ቢሆንም፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ በውክልና ከእጅ ወደ እጅ የተሸጋገሩ ቤቶች ዛሬም አሉ። ሁለት እንዲህ ያሉ ቤቶች በርካሽ ተጠርተውልን ነበር። ወካዩ ሲሞት ውክልናው እንደሚቋረጥ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2232 ላይ ይናገራልና፣ ባለስሙ በሕይወት ስለመኖራቸው እንኳ ማረጋገጫ ያላመጣልንን ደላላ አመስግነን ተሰናበትነው። የእንዲህ ያለ ቤት ዋጋ ዝቅ ማለቱ የአደጋው ዋጋ ስለሆነ፣ በንጽጽር ደብተር ውስጥ ጨርሶ መግባት የለበትም።

በመጨረሻ የወሰነችው እናታችን ናት። ሁለቱንም ቤት በየተራ ወስደን አሳየናት። የማርቆሱ ምድር ቤት ነው፤ ደረጃ የለውም፤ እኔም አጠገቧ ነኝ። የባሕር ዳሩ አንድ ፎቅ መውጣት ይጠይቃል፤ ግን ከተማው ሜዳ ነው፤ ከግቢው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለ ዳገት ትሄዳለች፤ ለክትትል ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል በባጃጅ ቅርብ ነው፤ ብርዱም እንደ ማርቆስ አጥንት አይሰብርም። በባሕር ዳሩ ቤት በረንዳ ላይ ወንበር አምጥተው ሲያስቀምጡላት ተቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ሻጯን ሴትዮ «እትዬ፣ እዚህ ግቢ ዕድር አላችሁ?» ብላ ጠየቀቻቸው። «አለን እንጂ! በየወሩ በ12 ነው የምንሰበሰበው፤ ስምዎን እኔው አስመዘግባለሁ» አሏት። ወደ እኔ ዞራ «ይኼው ነው» አለችኝ።

ውሉን በግንቦት 2017 ዓ.ም. በሰነዶች ማረጋገጫ ቢሮ ተፈራረምን፤ ሻጯና ባለቤታቸው ሁለቱም መታወቂያቸውን ይዘው ቀርበው፣ እህቴ የባንኩን ደብዳቤ ይዛ። የመጨረሻውን ክፍያ ያስገባነው ስሙ ከዞረ በኋላ ነው፤ ይህንንም አስቀድመን በውሉ ላይ አስፍረን ነበር። ሴትዮዋ ቁልፉን ሲያስረክቡን ሦስት ቁልፎች ነበሩ፤ የበሩ፣ የቆጣሪው ሳጥንና የኮሚናሉ። የኮሚናሉን ለብቻው ለይተው ለእናቴ በእጇ ሰጧት፤ «እሑድ የእኛ ብሎክ ተራ ነው፤ ሊጡን ቅዳሜ ያቡኩት» አሏት።

እናቴ በሰኔ መጀመሪያ ገባች። ደብተሩን ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ አውሼዋለሁ፤ እሱም ለአባቱ በባሕር ዳርና በዳንግላ መካከል እያመነታ ነው። ሲመልስልኝ በመጀመሪያው ገጽ ላይ የራሱን ሁለት ዓምዶች ጨምሮ አገኘሁት፤ አንዱ «ፀሐይ በስንት ሰዓት ትገባለች» ይላል፤ ሌላው «ጎረቤቱ ማን ነው»።